የጉማሬው አፍ

መምህር ውባንተ፣ ሰሌዳው ላይ በነጭ፣
አፉን የከፈተ ጉማሬ ሣለና
«ይኼ ምልክት» አለ «ሁሌም አፉ ዞሮ
ወደ ትልቁ ነው፤ ትንሹን አይመርጥም።»
ሣቅን። ጉማሬ አናውቅም እንዴ እኛ፣
ማታ ከደንገሉ ወጥቶ ሣር ሲነጭ
ትንፋሹን እየሰማን የተኛን የዘጌ ልጆች?
ኢ-እኩልታ ይባላል አሉ። ስሙ ይቆየን።

ዓርብ ማታ እናቴ ጌሾ ሸምጥጣ
ለቅዳሜ ገበያ፣ ለባሕር ዳር ኬሻ ትሞላለች፤
በጉልበቷ ጠቅጥቃ አፉን በቃጫ ትሰፋለች።
እኔ ከሶላሩ ሥር ደብተሬን ዘርግቼ፣
«እማዬ፣ የጀልባው ስንት ነው?»
«ለሰው ሠላሳ፣ ለኬሻ ሃያ።»
«የመኪናውስ?»
«ለሰው ሃምሳ፣ ለኬሻ ዐሥራ ሁለት።
ምን አገባህ አንተ? ይልቅ ያን ገመድ ያዝ።»

ገመዱን በጥርሴ፣ እርሳሱን በጣቴ፣
ስንት እንደሆነ ያላወቅሁትን ኬሻ «ኬ» አልኩት።
ሠላሳና ሃያ ኬ በጀልባው ወገን፣
ሃምሳና ዐሥራ ሁለት ኬ በመኪናው ወገን፣
መሃል ላይ ጉማሬው፣ አፉን እንደያዘ፣
ወዴት እንደሚዞር ገና ያልታዘዘ።
ከግራም ከቀኝም እኩል እኩል ቀነስኩ፤
ስምንት ኬ ቀረ ከሃያ ፊት ለፊት።
አካፈልኩ።
«ከሁለት ተኩል ኬሻ ካለፈ፣ እማዬ፣
ጀልባው ይወደዳል፤ መኪናው ይሻላል!»

«ተኩል ኬሻ የለም» አለች ቀና ሳትል፣
«ለግማሹም የሙሉ ነው የሚያስከፍሉት።
በሁለት በጀልባ፣ በሦስት በመኪና፤
ይኼን ለማወቅ ነው መብራት የምትጨርስ?»

የሰፋችው ግን አራት ነበር፤
የምትሄደውም በጀልባ።
«ታዲያ ለምን?» አልኳት። «በአራት ኬሻ እኮ
ጀልባው መቶ ዐሥር ነው፣ መኪናው ዘጠና ስምንት፤
ዐሥራ ሁለት ብር ውኃ ውስጥ ትጥያለሽ።»

መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች።
«የመኪናው ጣሪያ ላይ ነፋስ አለ፣ አቧራ አለ፤
ጌሾው እስኪደርስ ጫፉ ይጠወልጋል።
አንጓች ደግሞ፣ ያቺ ዓይነ ስለት፣ እጇን ሰዳ ታይና
ከየኬሻው ዐሥር ዐሥር ብር ትቆርጥብኛለች።
እሱን የት ጋ ጻፍከው?»

አልጻፍኩትም ነበር።

ዐሥሩን ከዐሥራ ሁለቱ ጋር ደመርኩ። ሃያ ሁለት ኬ።
ጉማሬው ዞረ፤
ለአንድም፣ ለአራትም፣ ለመቶም ኬሻ ቢሆን
አፉ ወደ መኪናው።
ግን የት ላይ ነው ሁለቱ እኩል የሚሆኑት?
እልህ ያዘኝ። ሃያ ሁለት ኬን ወዲህ አሻገርኩ፤
አሉታዊ ሁለት ኬ ሆነብኝ።
በአሉታዊ ስታካፍል፣ ብሎናል መምህሩ፣
ጉማሬው እንደ ታንኳ ይገለበጣል።
ገለበጥኩት። ኬ ከአሉታዊ ዐሥር ይበልጣል።

ሣቄ መጣ። «እማዬ፣ ዋጋቸው እኩል የሚሆነው
ኬሻሽ ከዜሮ በታች ዐሥር ሲሆን ነው!
ከዜሮ በታች ዐሥር ኬሻ ማን ይሸከማል?»

ዝም አለች። ከታች፣ በወደቡ በኩል፣
ውኃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል።

«እኔ ተሸክሜያለሁ» አለች።
«አባትህ የሞተ ዓመት፤ አንተ ሆዴ ውስጥ፣
ጌሾውን በረዶ አራግፎት።
የአንጓችን ብር አስቀድሜ በልቼ
የዐሥር ኬሻ ቅጠል ዕዳ ነበረብኝ።
የሌለ ኬሻ ካለው ይከብዳል፤
ትከሻ እንኳ አትቀይርለትም።»

ጠየቅኳት፣ እርሳሴ እንደቆመ፣
ሌላ የምለው ቢጠፋኝ፦
«ያኔ ታዲያ ጊዜ ስጪኝ ልትያት ስትሄጂ፣
እኩል ከነበሩ፣ በየትኛው ሄድሽ?
በጀልባው ነው፣ በመኪናው?»

የመጨረሻውን ቃጫ በጥርሷ በጠሰች።
«በእግሬ።»